ሻዕባንና ባለሁለት ወንበሯ መኪና

አሶሳ የክልል ዋና ከተማ በሆነችባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ የአንድ ነገር ዋጋ ስንት እንደሆነ አስረግጦ የሚናገር ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። ትናንት ፍየል ይታሰርበት የነበረ ግቢ ዛሬ የቢሮ ኪራይ ይጠየቅበታል። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ አልጋና ቁምሳጥን ገዝቶ ሳይጨርስ ዝውውር ይደርሰውና መልሶ ለመሸጥ ይሯሯጣል። ሻጭ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠራል፤ ገዢ ደግሞ የአባቱን ዘመን ዋጋ ያስታውሳል። ሁለቱ እንዲገናኙ የሚያደርግ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ያ ሰው ሻዕባን ነበር።

ሻዕባን የመንጌ ወረዳ ተወላጅ፣ በብሔሩም በርታ ነው። የወጣትነት ዕድሜውን ያሳለፈው ለስደተኞች ካምፕ እህል በሚያመላልስ የጭነት መኪና ላይ ነው። አማርኛውን የተማረው ከረዳቶች፣ ከኬላ ጠባቂዎችና ከጎሚስታዎች ስለሆነ አቀላጥፎ ይናገራል፤ አንዳንድ ቃል ግን ቢሮ ውስጥ ባይደግመው ይመረጣል። ወገቡ አልታዘዝ ሲለው መሪውን ለሌላ ሰጠና ገበያው ዳር ባለች የጨውና የስኳር ሱቅ በር ላይ ተቀመጠ። ሱቋ የሚስቱ የሂባ ናት። የእሱ ድርሻ በሩ ላይ ያለው ወንበር ብቻ ነው፤ ሂባ ትሸጣለች፣ እሱ ሰው ያነጋግራል።

ዋጋ ላይ አንስማማም ያሉ ሁለት ሰዎች ሲመጡ ሻዕባን ዕቃውን ቀድሞ አያይም። አንድ ጊዜ ወደ ፓዌ የተዛወረ መምህር አልጋውን ለአንዲት ነርስ ሊሸጥ ፈልጎ እየተጨቃጨቁ መጡ። ሻዕባን መምህሩን «መቼ ነው የምትሄደው?» አለው።

«ነገ ጠዋት።»

ነርሷን «እስካሁን ምን ላይ ነበር የምትተኚው?» አላት።

«መሬት ላይ።»

ሁለቱንም ትንሽ ሲያያቸው ቆየና አንድ ዋጋ ተናገረ። መምህሩም ቅር አለው፣ ነርሷም ቅር አላት፤ ግን ሁለቱም ተስማሙ። ሻዕባን ሁለቱም ወገን ጥቂት ቅር ካላለው ዋጋው ትክክል ነው ብሎ አያምንም ነበር። ለዚህ ሥራው ሳንቲም አይቀበልም፤ ደላላ ብለው ከጠሩት ይቆጣል።

«ደላላ ገንዘብ ይቀበላል፤ እኔ አልቀበልም» ይላል።

«ጥፋትህ እሱ ነው» ትላለች ሂባ ስኳር እየመዘነች።

አንድ ድክመት ነበረበት። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን የመጻፊያ ማሽን ዋጋ ቁረጥ ሲሉት እንኳ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከተጫነ በኋላ «ድምፁ ጤነኛ ነው» ብሎ ቆርጧል። ዕድል ሆኖ ሁለቱም ወገኖች ቅር ብሏቸው ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ሻዕባን ዋጋ የማይቆርጥለት ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰለውም።

ታዲያ መኪናዋ መጣች።

ዓብዱልባሲጥ የሚባል ወጣት ነጋዴ ካርቱም ይኖር የነበረ አጎቱ ሞተና ውርስ ደረሰው። እሱ የጠበቀው ጨርቅና ሽቶ ነበር፤ የደረሰው ግን ቀይ መኪና ሆነ። ጀርመን ሠራሽ፣ ሁለት በርና ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ ሆኖ ወደኋላ የሚታጠፍ፣ ሀብታሞች ለሽርሽርና ለፍጥነት የሚነዷት ዓይነት። በጭነት መኪና ጀርባ ተጭና ድንበር ተሻገረች፤ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ክረምት አሳለፈች፤ ቀረጧ ተከፍሎ፣ ታርጋ ወጥቶላት አሶሳ ስትገባ ከተማው ሥራ ፈቶ ወጣ።

አማርኛን በስተርጅና የለመዱት ሽማግሌው ሐመድ መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ «ይህ መኪና ተቀምጧል ወይስ ቆሟል?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጣቸው የለም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበርና።

ዓብዱልባሲጥ የነዳት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሆዷ ጠጠር ላይ ተንተርሶ ሰው ገፍቶ አወጣት። በሁለተኛው ዝናብ መጣና ሸራው አልዘጋ ብሎ ከነሙሉ ልብሱ በሰበሰ። በዚያ ላይ ከመኸር በኋላ የራሱ ሠርግ ነበረበት፤ የእህል ወፍጮ የመትከል ሐሳብም አለው። ስለዚህ ሊሸጣት ወሰነ። ገዢ ፍለጋም ብዙ አልደከመም። ዲሳሳ የሚባል የባምባሲ ባለሆቴል ለስኳር ግዢ አሶሳ መጥቶ ሳለ አያት፤ ስኳሩን ረሳ።

ዲሳሳ ግዙፍ ሰው ነው፤ መኪናዋ ውስጥ መግባቱ ራሱ አጠራጣሪ ነበር። መንጃ ፈቃድም የለውም። ሐሳቡ ግን ሞኝነት አልነበረበትም። «ሆቴሌ በር ላይ ትቁም» ይላል፤ «የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ሊያያት ይቆማል። ከቆመ ይርበዋል።»

ዓብዱልባሲጥ መቶ ሃያ ሺህ ብር አለ። ዲሳሳ ስልሳ ሺህ አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት አንዱም ካለው ዋጋ ፈቀቅ አላለም። በመጨረሻ ሁለቱም ሂባ ሱቅ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«ዐሚ ሻዕባን፣ አንተ ያልከውን እቀበላለሁ» አለ ዓብዱልባሲጥ። ዐሚ ማለት በበርቶች ዘንድ አጎቴ ማለት ነው፤ ዝምድና ባይኖራቸውም በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ይባላል።

«እኔም ኦቦ ሻዕባን ካሉት አልወጣም» አለ ዲሳሳ።

ሻዕባን እንደ ልማዱ «ለምን ትሸጣለህ? ለምን ትገዛለህ?» ብሎ መጀመር ነበረበት። ግን አልጀመረም። ዓይኑ ከሁለቱ ሰዎች ትከሻ በላይ አልፎ መንገዱ ዳር ወደቆመችው ቀይ ነገር ሄዷል።

«መጀመሪያ ልያት» አለ። «ቁልፉን ስጡኝ።»

ሂባ ከመደርደሪያው ጀርባ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ዕቃውን ቀድሞ ሲያይ ይኼ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ያን ጊዜ በከተማው ከነበሩት መንገዶች ሁሉ ደህናውና ጠፍጣፋው ነበር። ሻዕባን መኪናዋን በቀስታ እስከዚያ አደረሳት። ከዚያ እግሩን ጫን አደረገ።

ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የጭነት መኪና ነው። እግርህን ትጫናለህ፣ መኪናው እስኪሰማህ ድረስ ሌላ ሐሳብ ታስባለህ፤ የልጆችህን፣ የጎማውን፣ የቀጣዩን ዳገት። ይህች ግን ገና ሊጫን ሲያስብ ሄደች። ነፋሱ ቆቡን ወሰደው። ዳር የነበሩ ፍየሎች ተበተኑ። ሻዕባን ብቻውን፣ ድምፁን አውጥቶ ሳቀ፤ ይህን ያየ የሰፈር ሰው ወዲያው ለሂባ ደርሶ ነግሯታል። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ የነበረው ዘበኛ ባለሥልጣን የመጣ መስሎት ሰላምታ ሰጠ። ሻዕባን ሰላምታውን በእጁ ተቀበለና ዞሮ ተመለሰ። በተጨማሪም፣ ሐኪም መኪና ላይ እንዳይቀመጥ የከለከለው ወገቡ በዚያ ዝቅ ያለ የቆዳ ወንበር ላይ ጨርሶ አላመመውም። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

«እንዴት ናት፣ ዐሚ?» አለ ዓብዱልባሲጥ ሲመለስ።

«ገና ነው። ሞተር በአንድ ቀን ሚስጥሩን አይናገርም።»

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚነሳ ማየት አለብኝ ብሎ ወሰዳት። በሌላው ቀን ፍሬኗን። ከዚያ ማርሿን። ከዚያ ፍሬኗን እንደገና፣ ምክንያቱም ፍሬን በደረቅ መንገድና በእርጥብ መንገድ አንድ አይደለም። ማርሚታዋ የሚያወጣው ድምፅ በየጠዋቱ ገበያውን አልፎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሄድ፣ ሰዎች «ሻዕባን ዋጋ እየቆረጠ ነው» ይባባሉ ጀመር።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሥራውንም ሠርቷል። ቴሌ ሄዶ ወረፋ ጠብቆ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ለሚነግድ የጥንት ወዳጁ ደወለ። መስመሩ ስለማይሰማ እየጮኸ ነበርና ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አብሮ ተከታተለ። የመኪናዋን ዓይነትና ዕድሜ ተናገረ። ወዳጁ ጥቂት አሰበና፣ «ሙሉዋን ማን ይገዛታል? እዚህ ብታመጣት ሞተሯን ለብቻ፣ በሮቿን ለብቻ፣ ወንበሮቿን ለብቻ ብናወጣት ይሻላል» አለው።

ሻዕባን ስልኩን ዘጋ። ስለ መኪና ሳይሆን ስለ ቅርጫ ሥጋ የተነገረው መሰለው። ክፍያውን ከፍሎ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

ቀጥሎ ኢንጂነር ሀብቱን ጠራው። ሀብቱ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶች መኪና ሲገዙም ሲያስወግዱም የሚያማክሩት ሳቂታ ወጣት ነው። ከሥራ በኋላ መጥቶ መኪናዋን አንድ ዙር ዞራትና፣ «ጋሼ ሻዕባን፣ በመንግሥት አሠራር መኪና በየዓመቱ ከዋጋው እየተቀነሰ ይሄዳል» አለ። «ይህችን በእሷ ዕድሜ ብናሰላት፣ ዓብዱልባሲጥ መኪናዋን ሰጥቶ ለዲሳሳ ብር መጨመር አለበት።»

ሻዕባን አልሳቀም።

«ግድ የለም፣ ስቀልድ ነው» አለ ሀብቱ። ኮቱን አውልቆ ሥሯ ተጋደመ፤ በባትሪ አየ፤ በመፍቻ አንኳኳ። ሲወጣ እየሳቀ አልነበረም። ወለሏ በዝገት ተበልቶ በላሜራ እንደተለበጠ ነገረው። የግራ በሯ አንድ ጊዜ ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቶ ከላይ ቀለም እንደተቀባ በጣቱ እያንኳኳ አሰማው፤ ጤነኛው ቦታ ይጮኻል፣ ስቱኮው ያለበት ዝም ይላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋም የቆመው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም።

«ሞተሯ ግን ንጉሥ ነው» አለ ሀብቱ እጁን እየጠረገ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ጋሼ። ሰው ለማጓጓዝ ካልን፣ በእኛ መንገድ በዓመት ታልቃለች፤ ካንዴላ እንኳ ቢያስፈልጋት ከየት ይመጣል? ለዚያ ከሆነ ሃምሳ ሺህም በዛባት። ለጌጥ ከሆነ ደግሞ የጌጥ ዋጋ እኔ ትምህርት ቤት አልተማርኩም።»

ሻዕባን አመሰገነና ሸኘው። ከዚያ በኋላ ብቻውን የግራውን በር እያንኳኳ ቆየ። ያንን በር በየቀኑ በእጁ ሲያሻሸው ከርሟል። የመረመራት መስሎት ነበር እንጂ፣ ሲያሻሻት ብቻ ነው የሰነበተው።

ሰው ጉድለቷን ሲሰማ ልቡ ይቀዘቅዛል ተብሎ ይታሰባል። የሻዕባን ግን ሌላ ሆነ። ወለሏ ተለብጧል ሲባል አሳዘነችው፤ የእሱም ወገብ ያው ነውና። ደግሞ አንድ ሐሳብ ሹልክ ብሎ ገባበት። ሃምሳ ሺህ ከሆነች፣ የማንጎ ቦታውን ቢሸጥ፣ ከወንድሙም ጥቂት ቢጨምር፣ ለራሱ ሊገዛት አይችልም? ሐሳቡ ሲመጣ አፈረ። አፍሮም ግን ሊተወው አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ በልቡ ውስጥ ያለው ዋጋ አንድ ቦታ መቆም አቃተው። ራሱ ገዢ ሲሆን ይታየውና ዋጋው ይወርዳል፤ ዝገቷ፣ ስቱኮዋ፣ ሸራዋ፣ ሁሉም ትዝ ይለዋል። ቀጥሎ ደግሞ ዲሳሳ ባምባሲ ወስዶ ሆቴል በር ላይ ሲያቆማት፣ ዶሮ ኮፈኗ ላይ ሲወጣባት ይታየውና ዋጋው ሽቅብ ይተኮሳል፤ መቶ ሃያም ያንሳታል፣ ማንም አይግዛት፣ እዚሁ ትቆይ፣ በየጠዋቱም ፍሬኗ ይታይ።

ሂባ ሁሉንም ስታይ ነበር። አንድ ቀን ገበያው በቀዘቀዘበት ሰዓት ጨው የምታወጣበትን ጣሳ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሁለተኛ ልታገባ ከሆነ ንገረኝ» አለችው። «ቀይ እንደሆነች አውቄአለሁ።»

«የምን ወሬ ነው?»

«ከትናንት ወዲያ ለሐመድ ስትነግራቸው ከመቶ በላይ ናት አልክ። ትናንት ለእኔ ሃምሳ አትሞላም አልክ። በአንድ ሌሊት ምን ነካት?»

«እያጠናሁ ነው።»

«የማንጎውን ቦታ ዋጋም እያጠናህ ነው ይባላል።»

ሻዕባን ቀና አለ። «ማን ነው ያለው?»

«የጠየቅከው ሰው ነዋ። ዋጋ የምትነግር አንተ ሆነህ ዋጋ ስትጠይቅ ሰው አይገርመውም?»

ሂባ የተከናነበችውን ቶብ አስተካከለችና በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወደሃታል» አለችው። «መውደድ ነውር የለውም። ግን የወደዷትን ነገር ዋጋ መቁረጥ ሐላል ነው?»

ሻዕባን መጥፎ ነገር ሠርቶ አያውቅም፤ ሊሠራ ሲል ያስቆመውም አልነበረም እስከዚያ ቀን።

ዓርብ ከስግደት በኋላ በዓብዱልባሲጥ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። ዲሳሳ ከባምባሲ መጥቷል። ሀብቱ ውሳኔውን ለመስማት ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል። ሐመድ ቀድመው ቦታ ይዘዋል። የከርከዴ ሻይ ተቀዳ። ሻዕባን ብርጭቆውን ሳይነካው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ይህችን መኪና ዋጋ አልቆርጥም» አለ።

«ዋጋዋ አይታወቅም ማለትዎ ነው?» አለ ዲሳሳ።

«ይታወቅ ይሆናል። እኔ ግን አላውቅም።» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ተገረመ፤ እንደፈራው አልከበደውም። «ለራሴ ስመኛት ረከሰችብኝ። ለአንተ ሳስባት ተወደደችብኝ። የቆረጥኩት ዋጋ ሁሉ የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። ጉድለቷን ኢንጂነሩ ይንገራችሁ፤ እሱ ዓይኑ ጤነኛ ነው። ኸላስ፣ እኔ ወጥቻለሁ።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የሚጠብቀው እንዲለምኑት ነበር። የሚያባብለው ሰው ቢመጣ የሚመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቷል። ማንም አልመጣም። ከውስጥ የሀብቱ ድምፅ ስለ ወለልና ስለ ስቱኮ ሲናገር ይሰማል፤ ዓብዱልባሲጥ ሲያጉረመርም፤ ዲሳሳ ሲጠይቅ። ከዚያ ንግግሩ ዝቅ አለ። ከዚያ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ።

ያ ሳቅ ሻዕባንን ከሁሉ የበለጠ ጎዳው። ሁለቱ ሰዎች ያለ እሱ መስማማት የሚችሉ ከሆነ፣ እነዚያ ሁሉ ዓመታት በሩ ላይ ተቀምጦ ምን ሲሠራ ነበር?

መጀመሪያ የወጡት ሐመድ ናቸው። በበርታኛ «ተዋዋሉ» አሉት። «አንተ ባትኖርም ተሸጠ።» ሊያጽናኑት ነበር የፈለጉት።

ዲሳሳ ደግሞ ቁልፉን ይዞ ወጣና አጠገቡ ቆመ። «ኦቦ ሻዕባን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ባምባሲ የሚያደርስልኝ ሹፌር የለኝም። ሌላ ሰው ቢነዳት መንገድ ላይ ትቀራለች። ጠባይዋን የሚያውቅ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሻዕባን ቅር እንደተሰኘ ሊቆይ ፈልጎ ነበር። ግን እጁ ቀድሞት ቁልፉን ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ዲሳሳ ሲገባ መኪናዋ በአንድ ጎን ዘመመች፤ ሻዕባን በውስጡ ለወለሏ ሰጋ። ከከተማው እንደወጡ ጥያቄውን ከዚህ በላይ ሊይዘው አልቻለም።

«ስንት ሄደች?»

«ሰማንያ ሁለት ሺህ።»

ሻዕባን መንገዱን እያየ አሰላ። ራሱ ቢቆርጥ ከዚያ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ልቡ ሰላም ቢሆን። «እንዴት እዚያ ደረሳችሁ?»

«ሠርጉ ነው ነገሩን የፈታው» አለ ዲሳሳ። «ልጁ ለካ ሙሽራዋን በዚህችው መኪና ሊወስድ ተስሎ ነበር። ቢሸጣት ሠርጉ ላይ ማፈሩ ነው። ዋጋውን አላወርድ ያሰኘው ያ ነው። ‹ለሠርግህ ቀን በነጻ ትመጣልሃለች፤ ቃሌ ነው› አልኩት። ወዲያው ወረደልኝ። እኔም ደስ ስላለኝ ጨመርኩ።»

ሻዕባን ዓብዱልባሲጥን «ለምን ትሸጣለህ?» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጠይቀው ኖሮ ይህ ሁሉ ይወጣ ነበር። መኪናዋን ሲያይ ሰዎቹን ማየት ረስቶ ነበር።

ግማሽ መንገድ ካለፉ በኋላ አንድ የሰፋሪዎች መንደር አጠገብ፣ ጭነት መኪና በቆፈረው ጎድጓዳ ላይ ሆዷ ተቀመጠ። ዲሳሳ ወረደ፤ መኪናዋ ወዲያው ከፍ ብትልም አልወጣችም። ከማሳው ገበሬዎች መጥተው ገፉ። የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ ብዙወርቅ የምትባል የወሎ ሴትዮ፣ በደርግ ዘመን ሰፍራ እዚያው ጸጉሯ የሸበተ፣ ምድጃዋን ትታ መጣችና መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከተቻት።

«ምን ትጭናለች?» አለች።

«ሰው» አለ ሻዕባን። «ሁለት ሰው።»

«እሁሁ፣ እሱን እኔም ባህያዬ አላጣውም። እህል አትጭንም?»

«አትጭንም።»

«እና ምን ልታረጓት ገዛችኋት?»

ዲሳሳ ስለ ሆቴሉ፣ ስለሚቆሙት ሹፌሮች ማስረዳት ጀመረ። ብዙወርቅ በትዕግሥት ሰማችው። «እንግዲያ ፎቶዋን ብትሰቅሉ አይበቃም ነበር?» አለችና ለሁለቱም አንዳንድ በቆሎ ሰጠቻቸው።

ባምባሲ ሲደርሱ ግን ነገሩ ዲሳሳ እንዳለው ሆነ። ገና ሆቴሉ በር ላይ ሳትቆም ሁለት የጭነት መኪኖች ቆሙ፣ ሹፌሮቹም ወርደው ሲያዩዋት ቆይተው ምሳ አዘዙ። ዲሳሳ በደስታ ለሻዕባን የሚበላውን አቅርቦ አመሰገነው። ሻዕባን በልቶ፣ ኮፈኗን አንድ ጊዜ መታ መታ አድርጎ፣ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ተመለሰ። ጆንያው ላይ ወገቡ እስከ አሶሳ አረፍ አላለለትም።

ቤት ሲደርስ ሂባ ውሃ አስታጠበችው፤ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ አቀረበችለት።

«ስንት ሄደች?» አለችው።

«ሰማንያ ሁለት ሺህ።»

«ረክሳለች።»

የምትቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። አትቀልድም። «አንቺ ደግሞ ምን አውቀሽ?»

«ምንም አላውቅም። ስንት ቀን ስትመላለስባት፣ አንድ ቀን ነይ ልውሰድሽ አላልከኝም። ከሩቅ ብቻ የሚያይ ሰው ነው ነገር የሚወደድበት።»

ሻዕባን ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ያ ነገር አንድም ጊዜ በሐሳቡ አልመጣም ነበር፤ ሁለተኛው ወንበር ሁልጊዜ ባዶውን ነበር የሚሄደው። ይቅርታ ማለት አልለመደም፤ ስለዚህ ከወጡ ውስጥ ደህና ደህናውን ሥጋ ወደ እሷ በኩል ገፋ አደረገው። ሂባ አልተቀበለችም፤ አልመለሰችውም።

መኸሩ ተሰብስቦ የዓብዱልባሲጥ ሠርግ ደረሰ። ዲሳሳ ቃሉን ጠብቆ መኪናዋን አስመጣ፤ ያመጣት ሻዕባን ነው። ሙሽራው ግን ሹፌር አያስፈልገኝም ብሎ ራሱ ነዳ፤ በሁለት ወንበር ሌላ መፍትሔም አልነበረም። ከሙሽራዋ ቤት እስከ እሱ ቤት ያለውን አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ ሞተር አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ተገፍቶ ጨረሰው። ሻዕባን ከጀማው ጋር በእግሩ ተከትሎ ሲያጨበጭብ ዋለ። ማርሽ በተንኳኳ ቁጥር ግን ፊቱን ሲያኮማትር የታዘበ ሰው ብዙ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ወደ ባምባሲ መመለስ ነበረባት። ሻዕባን ቁልፉን ይዞ ሂባ ሱቅ በር ላይ አቆማት፤ ሞተሩን አላጠፋም።

«ነይ» አላት።

«ሱቁስ?»

«ጨው አንድ ቀን ባይሸጥ አይበላሽም።»

ሂባ ሱቁን ቆለፈች። ቤት ገብታ የክት ቶቧን አጣፍታ ወጣች፤ በሩን ሻዕባን ከፈተላት። ዝቅ ባለው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ወደፊት ተዘረጋ፤ ጉልበቷን ልትሸፍን ብትሞክር አልሆነም፤ ተወችው። ገበያው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። እሷ ግን ማንንም እንዳላየ ሰው ፊት ፊቷን ተመለከተች።

ሻዕባን ጠጠሩንም ጉድጓዱንም እያስወገደ፣ ወለሏን እየሳሳላት፣ በቀስታ ከከተማው ወጣ። ጥቂት እንደሄዱ ሂባ የቶቧን ጫፍ አገጯ ሥር ቋጠረች።

«ይኼው ብቻ ነው አካሄዷ?» አለችው።

ሻዕባን እግሩን ጫን አደረገ።